ባቡር ያላየው የባቡር ዋሻ፦ ስለ ሲንሲናቲ የሚወራውና እውነታው

አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ሲንሲናቲ የምትባል ከተማ አለች። ከአንድ ሰፊ ጎዳናዋ ሥር 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ተዘግቶ ተቀምጧል። ደረጃው አለ፣ ተሳፋሪ የሚጠብቅበት መድረክም አለ። ባትሪ ይዘው ሾልከው የገቡ ልጆች የቀረጹትን ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ያየ ሰው ጥቂት አይደለም። ከቪዲዮው ጋር አብሮ የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር»

አንድም ቀን አልሄደበትም። ትኬት አልተቆረጠም፣ ሐዲድም አልተዘረጋም። «የተተወ ባቡር» ሲባል ሰው ዝገት የበላው ፉርጎ ይጠብቃል። እዚያ ያለው ግን ሲሚንቶና ጨለማ ነው።

«እንደ ማዕድን ጉድጓድ ከመሬት ሆድ የተፈለፈለ ነው»

ይሄኛውን ስህተት እወደዋለሁ፤ እውነቱ ከወሬው ይጥማልና። ቦታው ላይ መጀመሪያ የነበረው ውሃ ነው። ማያሚ ኤንድ ኢሪ የተባለ ሰው ሠራሽ ቦይ በከተማው መሀል ያልፍ ነበር። በቅሎዎች ዳር ዳሩን እየሄዱ የጭነት ጀልባ ይጎትቱበታል። ከቦዩ ማዶ የሰፈሩት ጀርመኖች ለቀልድ «ራይን» አሉት፣ እንደ አገራቸው ወንዝ። ሰፈሩ ዛሬም ኦቨር ዘ ራይን ነው የሚባለው፤ «ከራይን ማዶ» እንደ ማለት።

ከዚያ የምድር ባቡር መጣና የቦዩን ገበያ ወሰደው። ውሃው ቆሞ መሽተት ጀመረ። ከተማው ታዲያ ምን አሰበ? ውሃውን አፍስሶ፣ ድሮ በተቆፈረው ቦይ ውስጥ የሲሚንቶ ግድግዳና ጣሪያ መሥራት። ጣሪያው ላይ ደግሞ ጎዳና መዘርጋት። ስለዚህ ዋሻው ጥልቅ አይደለም፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ጎዳናው ሴንትራል ፓርክዌይ በ1928 ተከፈተ። ዛሬ መኪና መሪ የሚጠመዝዘው ድሮ ጀልባ በዞረበት መታጠፊያ ነው።

«መሐንዲሶቹ ተሳስተው ባቡሩ አልገባ ብሎ ነው የቀረው»

ጥሩ ቀልድ ነው፤ ግን ያለ ጥፋታቸው መሐንዲሶቹን ስም ማጥፋት ነው። የጎደለው ገንዘብ ነበር። በ1916 የከተማው ሕዝብ 6 ሚሊዮን ዶላር ብድር እንዲወሰድ በድምፁ ፈቀደ። በዓመቱ አሜሪካ የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባችና ሥራው ሳይጀመር ቆየ። ጥር 1920 ቁፋሮው ሲጀመር የዕቃውም የጉልበቱም ዋጋ እጥፍ ሆኖ ጠበቃቸው። የታሰበው ከተማውን የሚዞር 26 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ነበር። ዋሻውንና ከመሬት በላይ ያለውን ጨምሮ 11 ኪሎ ሜትር ያህሉ እንደተዘጋጀ ካዝናው ባዶ ሆነ። ተጨማሪ ገንዘብ የሚሰጥ ጠፋ፤ ሰዉም መኪና መግዛት ጀምሮ ነበር።

ዕዳው ግን አልቆመም። ተከፍሎ ያለቀው በ1966 ነው፣ ከነወለዱ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ። አያት ያስጀመረውን ባቡር የልጅ ልጅ ሳይሳፈርበት ከፈለው። እኛ «ላም አለኝ በሰማይ» እንላለን። የሲንሲናቲ ሰው ላም ያለችው ከመሬት በታች ነው።

«ለምንም አይውልም፣ አንድ ቀን ይደረመሳል»

በ1957 ትልቅ የውሃ ቧንቧ ተዘረጋበት። ኋላ ደግሞ የኢንተርኔት ገመድ ገባ። የኑክሌር ጦርነት ይመጣል ተብሎ በሚፈራበት በ1960ዎቹ ሊበርቲ ስትሪት የሚባለው ጣቢያ መጠለያ እንዲሆን ተሰናድቶ ነበር። ወይን ጠጅ እናከማችበት ያለም ነበር፤ እሱ እንኳ አልተሳካም። መደርመሱን በተመለከተ፦ የዋሻው ጣሪያ የጎዳናው ወለል ነው። ከተማው ዋሻውን የሚመረምረውና የሚጠግነው ለታሪክ ፍቅር ብሎ ሳይሆን መኪኖቹ እንዳይሰምጡ ነው። በአፈር ልሙላው ቢል ደግሞ ከጥገናው በብዙ እጥፍ ይከፍላል።

«ክፍት በር ያገኘ ሰው መግባት ይችላል»

አይችልም። ንብረቱ የከተማው ነው፣ ያለ ፈቃድ የገባ ሰው ይከሰሳል። የቪዲዮ ልጆቹ ይህን አይናገሩም። ማየት ለፈለገ ቀላል መንገድ አለ፦ በአይ-75 አውራ ጎዳና ሲነዱ፣ ሆፕል ስትሪት አካባቢ፣ የታሸጉት የዋሻ አፎች ከመኪና ይታያሉ። ከመሬት በላይ የነበሩት ጣቢያዎች ግን የሉም፤ ፈርሰው መንገድ ሆነዋል።

«አዲሱ ትራም በዋሻው ነው የሚሄደው»

ዋሻውን ሊጠቀም ይችል የነበረው ሌላ ዕቅድ ነው። በ2002 ለቀላል ባቡር ግብር ይጨመር ወይ ተብሎ ሕዝቡ ተጠየቀና እምቢ አለ። ትራሙ የመጣው በ2016 ነው፣ የሚሄደውም ከመኪናው ጋር በመንገድ ላይ ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ኦቨር ዘ ራይን ሲሻገር ሴንትራል ፓርክዌይን ያቋርጣል። በላዩ።