ካርቱን ሲሆን እንዴት ያተኩራል?

በልዩ ፍላጎት መምህርነት ኦቲዝም ስላለበት ልጅ ከሚባለው ሁሉ እንደዚህ አባባል የሰለቸኝ የለም፦ «ካርቱን ሲያይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ክፍል ውስጥ ግን አምስት ደቂቃ አይሰማም። ስለዚህ ሆን ብሎ ነው።» መምህሩ ይላል። ዩኒት ሊደሯ ትላለች። አባትም በወላጆች ቀን አንገቱን እየነቀነቀ ይስማማል።

ሆን ብሎ አይደለም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ትኩረታቸው አንድ ነገር ውስጥ ጠልቆ ይገባል። የሚከብዳቸው ከዚያ ነቅሎ ወደ ሌላ ማዞሩ ነው። ተመራማሪዎቹ ዳይና መሪ፣ ማይክ ሌሰርና ዌን ሎውሰን በ2005 እ.ኤ.አ. «ሞኖትሮፒዝም» ብለው ጽፈውበታል። ሎውሰን ራሱ ኦቲዝም ያለበት ሰው ነው፤ ከውጭ ሆኖ አልገመተም።

እኔ ለወላጅ ሳስረዳ በምጣድ ነው። ሊጡን አዙራ አክንባሎውን የከደነችን ሴት «ቶሎ ነይ» ብትሏት ትሰማችኋለች። ግን አትነሳም፤ እንጀራው ይውጣላት። እሷን ግን ማንም ሰነፍ አይላትም።

ካርቱን ደግሞ አንድ ነገር ነው። ልጁ ድምፁን ይቀንሳል፣ ሲያሻው ይደግመዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን በቃሉ ያውቀዋል። ክፍሉስ? 60 ልጅ፣ ከጎረቤት ክፍል በዜማ የሚወርድ የማባዣ ሰንጠረዥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ዝናብ፣ አንገቱን የሚያሳክከው የዩኒፎርም ኮሌታ። መምህሩም በአንድ ትንፋሽ «የሒሳብ ደብተር አውጡ፣ ቀን ጻፉ፣ ገጽ 34 ግለጡ» ይላል። እሱ ደብተሩን ከቦርሳው እስኪያወጣ የቀሩት ሁለቱ አልፈዋል።

አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። የከተማ አውቶቡሶችን ቁጥር ከነመነሻ መድረሻቸው ያውቃል። መደመርና መቀነስ ግን «አይገባውም» ተብሎ ነበር። ጥያቄዎቹን በተሳፋሪ ቀየርናቸው፦ እዚህ ፌርማታ ስንት ወረደ፣ ስንት ተሳፈረ? ገጹን ጨርሶ ሌላ አምጡ አለ። ትእዛዙም አንድ በአንድ ተጽፎ ዴስኩ ላይ ተለጠፈለት። ሥራ ሊቀየር ሲል ከአምስት ደቂቃ በፊት ይነገረው ጀመር። ለዚህ ሁሉ ያወጣነው የማርከርና የፕላስተር ዋጋ ነው። መምህራን «60 ልጅ ይዤ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ከባድ ነው። ግን ትእዛዝ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ለቀሩት 59ኙም ይጠቅማል።

ሌሎቹን አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

«ዓይኔን ካላየ አያዳምጥም።» ለብዙዎቹ ዓይን ማየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መሬት መሬት እያየ ይስማችሁ።

«ከረሜላ ነው ያቅበጠበጠው።» አይደለም። ለጥርሱ ስትሉ ግን ቀንሱ።

«ቢቆነጠጥ ልብ ይገዛል።» የፈራ ልጅ ሐሳቡ ሁሉ እጃችሁ ላይ ነው። ሰሌዳውን ማን ይየው?

«እጁን ማወናጨፉን ቢተው ያተኩራል።» ይህቺን እኔም አምኜ ነበር። ጀማሪ እያለሁ የአንዲትን ልጅ እጅ ይዤ አስተምር ነበር። ማወናጨፏን ተወች። መጻፏንም ተወች። እስካሁን ያሳፍረኛል።

«ፊት ወንበር ላይ ብናስቀምጠው ይበቃል።» ጫጫታው ሁሉ ከጀርባው ሲሆን ሲዞር ነው የሚውለው። ከበርና ከመስኮት ርቆ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሞክሩት።

«ኦቲዝሙ ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።» የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ኦቲዝምንና ኤዲኤችዲን (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ለአንድ ልጅ አብሮ መስጠትን ይከለክል ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. እትሙ ክልከላው ተነሳ። ሁለቱም ያሉባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ጆሮውም ይታይ፤ እንቅልፉም ይጠየቅ።

«ሲፈዝ በሐሳብ ሄዶ ነው።» ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሥራው መሃል ድንገት ለጥቂት ሴኮንድ ከደረቀ፣ ብትነኩት ካልነቃ፣ ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ ከቀጠለ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌላው ይበዛል፤ ስሙ «የሚጥል» ቢሆንም ሁልጊዜ መሬት ላይ አይጥልም። ሲከሰት በስልክ ቅረጹት። ጠበል ብትወስዱት አልቃወምም፤ ቪዲዮውን ግን ሐኪም ይየው።