በእጅ የሚሠሩ ጊታርና ቤዝ፦ መሣሪያዎችና የማጠናቀቂያ ሥራ

ጊታርን በእጅ መሥራት ሲባል ማሽን አይነካውም ማለት አይደለም። በአብዛኛው ወርክሾፕ ውስጥ የመጋዝ ማሽን፣ ራውተር የሚባለው የእንጨት መቦርቦሪያና መሰርሰሪያ አለ። የእጅ ሥራ የሚያሰኘው የእያንዳንዱ እንጨት ውፍረት፣ የአንገቱ ክብነትና የቫርኒሹ ስስነት በአንድ ሠሪ ዓይንና ጣት መወሰኑ ነው። ሠሪው በብዙ አገር «ሉቲየር» ይባላል፤ ሉት ከተባለው የክር መሣሪያ የተወረሰ የፈረንሳይኛ ቃል ነው።

ሙያው ዛሬ ሁለት ትልልቅ መስመሮች አሉት። አንደኛው ውስጡ ክፍት የሆነው ጊታር ሲሆን፣ የዛሬውን የክላሲካል ጊታር መልክ ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892) ነው። ቶሬስ በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቷል፤ የድምፁ ዋና ምንጭ የፊት ገበታው መሆኑን ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ሁለተኛው መስመር ድፍን እንጨት ላይ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ጊታርና ቤዝ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ሲያቀርብ አንገቱን ከገላው ጋር ያያዘው በብሎን ነበር፤ ዛሬ ቤዝ መሥራት የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከተለው ይህንኑ አሠራር ነው።

በሁለቱም መስመር አንድ ነገር አይለወጥም። ቫርኒሽ ጥፋት አይሸፍንም፣ ያጎላል። ስለዚህ የማጠናቀቂያው ሥራ የሚጀምረው ቆርቆሮው ሲከፈት ሳይሆን የመጀመሪያው እንጨት ሲላግ ነው።

እንጨቱና አየሩ

እንጨት ከተቆረጠ ከብዙ ዓመት በኋላም ከአየር እርጥበት ይወስዳል፣ ይሰጣል። እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። የጊታር የፊት ገበታ ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ጅማታቸው ከእሱ ጅማት ጋር የሚሻገር ደጋፊ ዘንጎች ተለጥፈውበታል። ገበታው ሊኮማተር ሲል ዘንጎቹ ይይዙታል፤ መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው የማጣበቁ ሥራ የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ በሆነበት ክፍል የሚከናወነው።

ይህ ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ሰው በጣም ወሳኝ ነው፤ የክረምቱ አየር እርጥብ፣ የበጋው ደረቅ ነውና በሐምሌ የተጣበቀ ገበታ ጥር ላይ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ገበታና ዘንግ ማጣበቅን ወደ በጋ ማዞር፣ ካልሆነም እንጨቱን እርጥበቱ በተመጠነ ሣጥን ውስጥ ማቆየት ይሻላል። የእርጥበት መለኪያው ራሱ መፈተሽ አለበት፦ በትንሽ ውሃ የረጠበ የገበታ ጨው ከመለኪያው ጋር በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ሲያድር 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 68 ካሳየ፣ 7 እየጨመሩ ማንበብ ነው።

ለፊት ገበታ ስፕሩስ ወይም ሴዳር፣ ለጀርባና ለጎን ሮዝውድ፣ ማሆጋኒ ወይም ሳይፕረስ፣ ለአንገት ሜፕል ወይም ማሆጋኒ፣ ለድፍን ገላ አልደር፣ አሽ ወይም ማሆጋኒ የተለመዱ ናቸው። ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ብዙም የማይከብድ እንጨት በመሆኑ ለድፍን ገላ ቢሞከር ያስኬዳል፤ ለፊት ገበታ ግን ቀላልም ግትርም የሆነ እንጨት ስለሚፈለግ የስፕሩስን ቦታ አይተካም። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ የታገደ ነው። ሌሎቹ የሮዝውድ ዓይነቶች በ2017 ቁጥጥር ውስጥ ገብተው፣ በ2019 ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነፃ ተደርገዋል፤ ጥሬውን እንጨት ድንበር የሚያሻግር ሰው ግን ዛሬም ፈቃድ ያስፈልገዋል።

መሣሪያዎቹ

የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን ስለቱ ነው ሥራውን የሚያሳምረው። አንድ ጥሩ መላጊያ፣ ሦስት ወይም አራት መሮ፣ ሸካራና ለስላሳ ሞረድ፣ ቀጭን መጋዝ፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ)፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ብዙ ክላምፕ (የተጣበቀውን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ይበቃሉ። የመሮ ስለት የሚፈተነው በለስላሳ እንጨት የተቆረጠ ጫፍ ላይ ነው፤ ጫፉን ሳይፈጭ አንጸባራቂ አድርጎ ከቆረጠ ስሏል።

ከሁሉም ይልቅ ጀማሪ የሚንቀው መሣሪያ መፋቂያ ብረት ነው። የመጋዝ ምላጭ የሚያህል ስስ ብረት ነው። ጠርዙ በሞረድ ቀጥ ይደረጋል፣ በድንጋይ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ከእሱ በሚጠነክር ክብ ብረት ተጭኖ ሲታሽ በጣት እንጂ በዓይን የማይለይ መንጠቆ ያወጣል። በሁለት አውራ ጣት መሐሉ ጎበጥ ተደርጎ ሲገፋ ከሜፕል ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቅፋቂ ያነሳል። ፍቅፋቂ መስጠቱን ትቶ አቧራ መስጠት ሲጀምር መንጠቆው አልቋል፤ ከዚያ በኋላ መግፋት ብረቱን ማጋልና ጣትን ማቃጠል ብቻ ነው። ጅማቱ የተዘበራረቀ ሜፕል በመላጊያ ሲነካ ስለሚነቀል፣ የቤዝ አንገት ጀርባ የመጨረሻ ቅርፁን የሚይዘው በዚህ ብረት ነው።

ጎን ለማጉበጥ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን እንጨት በውሃ ይነካና በጋለ ቧንቧ ላይ ይታጠፋል። ውሃ ጠብ ሲደረግበት ጠብታው ዘሎ የሚሸሽ ከሆነ ቧንቧው ደርሷል። እንጨቱ ሲለሰልስ እጅ ላይ ይታወቃል። ከዚያ በፊት የገፋው ሰው ይሰብረዋል።

ለማጣበቅ የቆዳ ሙጫ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል። ብዙ ከጋለ ኃይሉን ያጣል፤ ከተቀባ በኋላም አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ስለሚረጋ ክላምፖቹ ቀድመው ተስተካክለው መጠበቅ አለባቸው። ቢጫው የእንጨት ኮላ ጊዜ ይሰጣል፣ ለጀማሪም ይመከራል።

ፍሬት

ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የሚገባው ቀጭን ብረት ነው፤ ቦታው የሚገኘው የክሩን ርዝመት ለ17.817 በማካፈል ነው። ክሩ 648 ሚሊ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት ቁራጭ) 36.4 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ የቀረው 611.6 እንደገና ሲካፈል 34.3 ይመጣል፣ ስለዚህ ሁለተኛው 70.7 ላይ ያርፋል። 864 ሚሊ ሜትር ክር ባለው ቤዝ የመጀመሪያው ፍሬት 48.5 ላይ ነው። ልኬቱ ሁልጊዜ ከነቱ ይነሳል እንጂ ከፍሬት ወደ ፍሬት አይረገጥም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ 0.1 ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ሰው 20ኛው ፍሬት ላይ በ2 ሚሊ ሜትር ይስታል።

በ1581 ቪንቼንሶ ጋሊሌይ፣ የሊቁ የጋሊሌዮ አባት፣ ለሉት ያቀረበው ስሌት ለ18 ማካፈል ነበር። በእጅ ለማስላት ምቹ ነው፤ 650 ሚሊ ሜትር ክር ላይ ግን 12ኛው ፍሬት መገኘት ካለበት ቦታ በ2.4 ሚሊ ሜትር ወደ ነቱ ይጠጋል፣ ድምፁም ይወርዳል።

ፍሬቱ የሚገባበት ስንጥቅ ወርድ 0.58 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከጠበበ እያንዳንዱ ፍሬት እንደ ሽብልቅ ሆኖ አንገቱን ወደ ኋላ ይለምጠዋል፤ ከሰፋ ደግሞ ፍሬቱ ከወራት በኋላ ጫፉ ይነሳና ክሩ ይንጫጫል።

ለማጠናቀቅ ማዘጋጀት

ብርጭቆ ወረቀቱ (ቁጥሩ ሲጨምር ይለሰልሳል) ከ120 ተነስቶ በ180ና በ220 አልፎ 320 ላይ ያቆማል። ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ የ120ው ጭረት ግን ቫርኒሹ ሲቀባ ተመልሶ ይታያል። ስፕሩስ ላይ ወረቀቱ በድፍን የማሻ ቁራጭ ላይ መጠቅለል አለበት። በጣት ከታሸ ለስላሳው የጅማት ክፍል ተበልቶ ጠንካራው ይቀርና ገጹ ማረሻ የነካው ማሳ ይመስላል።

ከ220 በኋላ ገጹ በእርጥብ ጨርቅ ይነካል። የተጋደመው የእንጨት ፀጉር ሲቆም፣ ሲደርቅ በ320 ይታጨዳል። ይህ እርከን ከተዘለለ ፀጉሩ የሚቆመው በመጀመሪያው ቫርኒሽ ውስጥ ነው። ያልተጠረገ ኮላም ቀለም ስለማይጠጣ ነጣ ብሎ ይቀራል፤ አልኮል በነካ ጨርቅ ገጹን ሲያብሱትና በጎን ብርሃን ሲያዩት ቀድሞ ይገኛል። ማሆጋኒ፣ አሽና ሮዝውድ ቀዳዳቸው ስለሚታይ ይሞላሉ፤ ሜፕልና ስፕሩስ መሙያ አይፈልጉም። ብሪጅ (ክሮቹ ገበታው ላይ የሚያዙበት እንጨት) የሚያርፍበት ቦታና የድፍን ገላ የአንገት መቀመጫ ቫርኒሽ እንዳይነካቸው ይሸፈናሉ። ብሪጅ ቫርኒሽ ላይ ከተጣበቀ፣ የብረት ክር ያለበት ጊታር ላይ ስድስቱ ክሮች በአንድነት የሚስቡት 70 ኪሎ ገደማ አንድ ቀን ያነሳዋል።

ሼላክ

ሼላክ በእስያ ከሚገኙ ጥቃቅን ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ሲሆን በአልኮል ይሟሟል። ለክላሲካል ጊታር የፊት ገበታ እስከ ዛሬ ከዚህ የሚሻል አልተገኘም፤ እጅግ ስስ ሆኖ ስለሚቀመጥ ገበታውን አያፍንም፣ ሲጎዳም መጋጠሚያው ሳይታይ ይጠገናል። በአንድ ሊትር አልኮል ከ120 እስከ 240 ግራም የሼላክ ቅርፊት ይገባል። አልኮሉ ውሃ ካለበት ገጹ ነጭ ደመና ያወጣል። ተሟሙቶ ከስድስት ወር በላይ የቆየ ሼላክ ላይጠነክር ስለሚችል፣ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ አድርቆ በጥፍር መፈተን ይገባል።

የሚቀባው በብሩሽ ሳይሆን በጥጥ ላይ በተጠቀለለ የተልባ እግር ወይም የጥጥ ጨርቅ ነው። ጨርቁ በመዳፍ ጀርባ ሲነካ ቀዝቀዝ ያለ እርጥበት ብቻ መስጠት አለበት። በመጀመሪያ ስስ ልባስ ይሰጣል። ከዚያ የጀርባና የጎን ቀዳዳዎች ፑሚስ በሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት ይሞላሉ፤ ዱቄቱ እንጨቱን እየፈገፈገ ከአቧራው ጋር ቀዳዳው ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ረጅሙ ሥራ ይመጣል፦ በክብ፣ በስምንት ቁጥር ቅርፅ፣ በመጨረሻም በቀጥታ ማሸት። ጨርቁ መያዝ ሲጀምር አንድ ጠብታ የወይራ ዘይት ይነካዋል። ሥራው በትክክል እየሄደ መሆኑን የሚያሳየው ከጨርቁ ኋላ የሚከተለው ጭጋግ ነው፤ መስታወት ላይ እንደተነፈሰ ትንፋሽ ታይቶ በአንድ በሁለት ሴኮንድ ይጠፋል። ጭጋጉ ከቆየ ጨርቁ በጣም እርጥብ ነው፤ ፈጽሞ ካልታየ ደርቋል።

ጨርቁ ገጹ ላይ ፈጽሞ አይቆምም፤ እንደ አውሮፕላን እየተንሸራተተ ያርፋል፣ እየተንሸራተተ ይነሳል። ለአንድ አፍታ የቆመበት ቦታ የታችኛው ልባስ ይሟሟና ይቀደዳል። እዚያው መልሶ ማሸት ጉዳቱን ያሰፋል፤ አንድ ቀን አሳድሮ በ400 ወረቀት አለስልሶ መቀጠል ነው መድኃኒቱ። ከአራት እስከ ስድስት ዙር፣ በየመሐሉ አንድ ቀን እየታረፈ ይሠራል። መጨረሻ ላይ የገባው ዘይት አልኮል ባሸተተ ጨርቅ ይወጣል፤ ከውስጥ የቀረ ዘይት ከሳምንታት በኋላ ገጹን ያደበዝዛል። የሼላክ ደካማ ጎን ላብ፣ ሙቀትና አልኮል ነው። ክንድ የሚያርፍበት ጠርዝ ቶሎ ይበላል።

ናይትሮ፣ ፖሊና ዘይት

የናይትሮ ላከር (ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራ ቫርኒሽ) በስፕሬይ ከ8 እስከ 12 ልባስ ይሰጠዋል፤ በቀን ከሦስት ወይም ከአራት አይበልጥም። አዲሱ ልባስ አሮጌውን አሟሙቶ አንድ ስለሚሆን ጥገና ይቀላል። አየሩ እርጥብ በሆነ ቀን ከተነፋ ገጹ ወተት ይመስላል። በጣም ከተራቀ ወይም ከወፈረ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይጎረብጣል። የቤት ዕቃ ማወልወያ የነካው ቦታ ላይ ደግሞ ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል። ከመጨረሻው ልባስ በኋላ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይጠበቃል፤ የተቸኮለ ሥራ ካንጸባረቀ በኋላ እየሰመጠ የእንጨቱን ቀዳዳ ያሳያል። ከዚያ ከ800 እስከ 2000 በውሃ ታሽቶ ይወለወላል። ጠርዝ ላይ ልባሱ ስለሚሳሳ መጀመሪያ የሚላጠው እሱ ነው፤ ጠርዝ አይታሽም፣ ዙሪያው ይታሻል።

ሁለት ቅልቅል ያለው ፖሊዩሬቴን ይበልጥ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ልባሶቹ አይዋሃዱም። አንዱን አልፎ ወደ ሌላው የታሸበት ቦታ እንደ ካርታ መስመር ቀለበት ያወጣል። ማጠንከሪያው ለሳንባ አደገኛ በመሆኑ ያለ ተገቢ የመተንፈሻ መከላከያና ያለ አየር ማስወጫ መነፋት የለበትም።

ለቤዝ ገላና አንገት ዘይት ቀላሉ መንገድ ነው። ለምግብ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ይወስዳል፣ ስለዚህ ለእንጨት የተዘጋጀው ይመረጣል። ይቀባል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ያልጠጣው በሙሉ ይጠረጋል፣ ያድራል፣ ይደገማል። ካልተጠረገ ለዘላለም ይጣበቃል። የተጠቀሙበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ስለሚያስነሳ፣ ተዘርግቶ ይደርቅ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር። ለፊት ገበታ ዘይት አይሆንም፤ ጠልቆ ገብቶ ድምፁን ያከብዳል።

ክር ከተወጠረ በኋላ

ፍሬቶቹ የሚስተካከሉት አንገቱ በትራስ ሮድ (ውስጡ ባለው ማስተካከያ የብረት ዘንግ) ቀጥ ከተደረገ በኋላ ነው። አናታቸው በማርከር ይቀለምና ረጅም ቀጥ ያለ ሞረድ ይሄድባቸዋል፤ ቀለሙ ከሁሉም ላይ ሲነሳ እኩል ሆነዋል። ከዚያ ክብነታቸው ይመለሳል፣ ይወለወላሉ። ለውልወላው ብረት ሱፍ ከተያዘ ፒክአፖቹ (የክሩን ንዝረት የሚቀበሉት ባለማግኔት ክፍሎች) መሸፈን አለባቸው፤ ማግኔቱ ቅንጣቶቹን ይስባቸውና ማጽዳቱ ሌላ ሥራ ይሆናል።

የነቱ ስንጥቅ ጥልቀት ልክ መሆኑ ክሩ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ይታያል፤ ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ብቻ መቅረት አለበት። 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ለኤሌክትሪክ ጊታር 1.6፣ ለቤዝ ከ2 እስከ 2.5፣ ለክላሲካል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። እንጨቱ ለጭነቱ ገና እጁን ስላልሰጠ ልኬቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ ናይትሮ የተቀባው መሣሪያ እስከዚያው ከጎማ ማቆሚያ ይራቅ፣ ጎማው ላከሩን ያቀልጠዋል።