መከራ የገጠመው ገጸ ባሕርይ፦ ከተረት እስከ ሐዋሳ መቼት

ዋናው ገጸ ባሕርይ ችግር ካልገጠመው ልብ ወለዱ አይነሣም። የአማርኛ መምህራን ይህንን «ግጭት» በሚል ርዕስ ያስተምሩታል፦ ሰው ከሰው፣ ሰው ከተፈጥሮ፣ ሰው ከማኅበረሰቡ፣ ሰው ከራሱ ጋር። ክፍፍሉ ለፈተና ጥሩ ነው። ለሚጽፍ ሰው ግን ብዙም አይጠቅመውም። ገጸ ባሕርይውን የሚያሳድገው የችግሩ ዓይነት አይደለማ። መከራው መሃል ቆሞ የሚወስነው ውሳኔ ነው፤ ያውም ዋጋ የሚያስከፍለው ውሳኔ።

በተረት ማንም አያድግም። ጅብ ትናንት ተታለለ፣ ዛሬም ይታለላል። ጦጣ ሁሌም ብልጥ ናት። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው ሕፃን ጅቡ ይማራል ብሎ አይጠብቅም። ትምህርቱ ለራሱ ለሰሚው ነው። ገድል ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ጻድቁ ይራባል፣ ይጠማል፣ ይሰደዳል። መከራው ግን ቀድሞም የነበረውን እምነት ያወጣዋል እንጂ ሰውየውን አይለውጠውም። እንደ ሙሴ ጸሊም ከሽፍትነት ወደ ምንኩስና የተመለሰ ሲገኝ ነገሩ ይለያል። የእሱ ታሪክ ለዛሬ ልብ ወለድ የቀረበ ነው።

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ነው። በ1900 ዓ.ም ሮም ታተመ። ባለታሪኳ ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ትወጣለች። ስንት መከራ ታያለች። ሆኖም መጀመሪያም ደግ ነበረች፣ መጨረሻም ደግ ናት። መከራው ፈትኗት አለፈ፣ በቃ።

ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም፣ የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። ስለ መጽሐፉ ሲወራ ሁሉም የሚያዝነው ለበዛብህ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያለቀሰው አድማጭም በአብዛኛው ለእሱ ሳያለቅስ አልቀረም። እኔ ግን ያደገችው ሰብለ ወንጌል ናት ባይ ነኝ። በዛብህ ከልጅነቱ ስለት ተይዞበት፣ በሌሎች ውሳኔ ሲንገላታ ነው የኖረው። ሰብለ የፊታውራሪ ልጅ ናት፤ ደጅ እንኳ ሳታይ ያደገች። እሷም እንደ ጦቢያ ልብስ ቀይራ ትወጣለች፣ በመነኩሴ ልብስ። ልዩነቱ ጦቢያ ከአባቷ ጋር መውጣቷ፣ ሰብለ ግን የአባቷን ቤት ጥላ መውጣቷ ነው። ዘርን፣ ክብርን፣ ምቾትን በአንድ ሌሊት ጣለች። እንዲህ ያለው ነገር ነው እድገት የሚባለው፤ ምንም እንኳ መጨረሻው ባያምር።

ማደግ ያቃተው ገጸ ባሕርይም አለ። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም ባወጣው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራ ወርቁ አይራብም፣ አይታረዝም። ሥራ አለው። ሠዓሊ መሆን ግን ይፈልጋል፤ ዘመድ በበኩሉ አግባ፣ ውለድ ይለዋል። ከዛሬ ነገ እያለ ውሳኔውን ያንከባልለዋል። መጨረሻው ጥፋት ነው። ከአብዮቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ብዙ ጭቁን ጀግና ተጻፈ። ነቅቶ፣ ተደራጅቶ፣ ታግሎ ያሸንፋል። መልሱ አስቀድሞ ስለተሰጠው ከዚያ ዘመን ጀግኖች አብዛኞቹ ዛሬ አይታወሱም።

አሁን ወደ ሐዋሳ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በከተማነት የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም አካባቢ ነው፤ ገና ወጣት ናት። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ከምባታው ተሰባስቦ ነው የሚኖርባት። ለጸሐፊ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፦ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ሁሉ ትቶት የመጣው ነገር አለ። ችግሩ ሐዋሳን መቼት ያደረገ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «ፍቅር ሐይቅ» በሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ተቀምጦ መቅረቱ ነው። ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ጥንዶቹ ይጨቃጨቃሉ፣ ጀልባ ያልፋል። ቆንጆ ነው፤ ግን ማንም ምንም አይወስንም።

ትንሽ ወረድ ብሎ የዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል አለ። ጠዋት ጀልባዎቹ ይደርሳሉ። ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላ ፈልቅቀው፣ ቆዳውን ገፈው፣ ሥጋውን ለብቻ ያወጣሉ። ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚበላ አለ፣ ሾርባውን ፉት የሚል አለ። ራሰ በራዎቹ ትልልቅ አሞሮች አንጀቱን ይጠብቃሉ። ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ጸሐፊ ግን መረቡን ማየት አለበት። ቀዳዳው የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ዓሣ ጭምር ያወጣል፤ ሐይቁ ዓሣ እያነሰው የመጣበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። አጥማጁ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሰፊውን መረብ ከጣለ ዛሬ ማታ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ጠባቡን ከጣለስ የዛሬ ዓመት? ማዕበል ሳይነሣ፣ ጀልባ ሳይገለበጥ፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ጀምሯል።

ሌላው የሐዋሳ መከራ ከሐይቁ ራቅ ብሎ ነው። ልብስ የሚሰፋበት ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ሲመረቅ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በብዛት ገቡበት። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የንግድ ዕድል ስትታገድ ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት በር ተዘጋ። ብዙ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። እንግዲህ አንዲት ገጸ ባሕርይ እንፍጠር። ከአለታ ወንዶ የመጣች ናት፣ ዘነበች እንበላት። ከሦስት የሥራ ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች።

ጀማሪ ጸሐፊ ምን ያደርጋታል? ከሥራ ያስወጣታል። አባቷን ይገድልባታል። ስልኳን ያሰርቃታል። ያሳምማታል። በዝናብ ያስመታታል። እሷም በየምዕራፉ ታለቅሳለች። አንባቢ ያዝንላታል፣ አያውቃትም። መከራ በላይ በላይ መደረብ ማሳደግ አይደለም።

በሌላ በኩል አንድ ዕቁብ ብቻ እንስጣት። ዐሥር ሆነው በወር 500 ብር ይጥላሉ። ሦስተኛው ዕጣ ለእሷ ወጣ፤ 5,000 ብር። ገንዘቡ ለቤተሰቧ ጣሪያ ቆርቆሮ ሆነ። በማግስቱ ሥራው ቆመ። ገና ሰባት ዙር፣ 3,500 ብር መክፈል ይቀራታል። ዋሷ ደግሞ አንድ ፍራሽ ላይ አብራት የምትተኛው ልጅ ናት፤ እሷም ከሥራ ወጥታለች። ዘነበች በሌሊት ተነሥታ መናኸሪያ መሄድ ትችላለች። ስልኳን ማጥፋት ነው። ያኔ ዕዳው በዋሷ ላይ ያርፋል። ብትቀር የዓሣ ሾርባ ቤት ዕቃ ማጠብ ይጠብቃታል። እዚህ ላይ እንባ አያስፈልግም። ፍራሹ ላይ ጓደኛዋ ገልበጥ ባለች ቁጥር አንባቢው ትንፋሹን ይይዛል። ደግሞ ብትሸሽም ታሪኩ አያልቅም። አንዳንዱ ሰው የሚያድገው ካጠፋ በኋላ ነው፤ ቆርቆሮው ሥር ተኝታ ዝናቡን ስትሰማ ምን ታስባለች?

ብቻውን የሚታገል ጀግናም ሐዋሳ ላይ ብዙ አያስኬድም። ችግር ሲመጣ እድር አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ የአከራይ እናት አለች። በሲዳማ ባህል ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች በሶንጎ፣ በሸንጎአቸው፣ ይቀመጣሉ። «አፊኒ»፣ ማለትም «ሰማችሁ?» ተባብለው፣ ሁሉም ነገሩን መስማቱ ተረጋግጦ ነው ወደ ፍርድ የሚኬደው። ይህ ለድርሰት ምቹ ነው። ገጸ ባሕርይዋ በልቧ የደበቀችውን በሰው ፊት እንድትናገር ትገደዳለች። ሽማግሌ ግን መፍትሔውን አዘጋጅቶ ካቀረበላት ታሪኩ ሞተ። ሽማግሌ ይጠይቃት እንጂ አይወስንላት።

የቋንቋው ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ዘነበች ለእናቷ የምትደውለው በሲዳምኛ ነው። ዋሷ ከሆነችው፣ አብራት ከምትኖረው ወላይታ ጓደኛዋ ጋር የሚያግባባት አማርኛ ነው። መጽሐፉ ግን ሁሉንም በአማርኛ ነው የሚያቀርበው። አንዳንዱ ጸሐፊ የሲዳምኛ ቃል እየጣለ በግርጌ ይፈታል። አንባቢን ማቋረጥ ነው፣ አልወደውም። የሚሻለው ከእናቷ ጋር ስታወራ አማርኛውን ረጅም፣ ቀልድ ያለበት፣ የሚፈስ ማድረግ ነው። ከጓደኛዋ ጋር ስትሆን ደግሞ አጭርና ቁርጥ ቁርጥ ያለ ይሁን። ያኔ ዋሷን ቀና ብላ አይታ «ብሩን እከፍላለሁ» ስትል፣ ሁለቱ ቃላት ምን ያህል እንደከበዷት ተራኪው ማብራራት አያስፈልገውም።