ስለ ምስራቅ እስያዎች ጂንና የአንጀት ካንሰር የሚወሩ ስህተቶች

አንዱ "ጃፓኖች አሳና ሩዝ ስለሚበሉ የአንጀት ካንሰር አይነካቸውም" ይላል፣ ሌላው ቀበል አድርጎ "ኧረ በዘራቸው ያለ በሽታ ነው" ይላል፣ ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው እኮ። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

"ዘራቸው ይጠብቃቸዋል።" ድሮ ጃፓን ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር ትንሽ ነበር፣ ልክ ነው። ግን ሃዋይ የሄዱት ጃፓኖችና ልጆቻቸው ላይ ቁጥሩ ወጥቶ ወጥቶ እዛ ያሉትን ነጮች ደረሰ፣ አለፈም፤ ጂን ደግሞ መርከብ ላይ አይቀየርም። የተቀየረው ገበታው ነው፣ አኗኗሩ ነው። አሁንማ ጃፓንም ኮሪያም እዛው አገራቸው ላይ በሽታው ከሚበዛባቸው አገሮች ውስጥ ናቸው።

"እንግዲያው ጂን ምንም አይሰራም።" ይሄም አይሆንም። ኤፒሲ የሚባለውን ጂን በ1991 ካገኙት አንዱ ጃፓናዊው ዩሱኬ ናካሙራ ነው፣ ጂኑ የተበላሸበት ሰው ገና በጉርምስናው አንጀቱ ውስጥ ፖሊፕ፣ ቆይቶ ካንሰር ሊሆን የሚችል ትንሽ እባጭ፣ በመቶዎች ይበቅልበታል፣ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ እድሉም ግማሽ በግማሽ ነው። ሊንች ሲንድረም የሚባለው፣ ለአንጀትና ለሌላም ካንሰር የሚያጋልጥ በዘር የሚተላለፍ የጂን ጉድለት፣ ደግሞ ይበልጥ ያታልላል፣ ምክንያቱም ምስራቅ እስያ ውስጥ እነዚህ ቤተሰቦች ላይ የጨጓራ ካንሰርም በብዛት ይታያል፤ አያት በጨጓራ፣ አክስት በማህፀን፣ ወንድም በአንጀት፣ እና ሶስቱን አንድ ላይ ደምሮ "ይሄ እኮ አንድ ነገር ነው" የሚል ሰው ይጠፋል። ቢሆንም ሊንች ከመቶ የአንጀት ካንሰር ታማሚ ሶስቱ ጋር ቢገኝ ነው።

"የምራቅ የዲኤንኤ ቴስት ሁሉንም ይነግረኛል።" አይነግርም። ከነዚህ ከባዶቹ ውጪ ሪስኩን ትንሽ ትንሽ የሚጨምሩ ብዙ የዲኤንኤ ልዩነቶች አሉ፣ መጀመሪያ የተጠኑት በአብዛኛው አውሮፓውያን ላይ ስለሆነ በነሱ የተሰላ የሪስክ ነጥብ ለቻይናዊ ወይ ለኮሪያዊ ልክ አይመጣም። ለዚህ ነው ቻይና፣ ጃፓንና ኮሪያ ተባብረው የራሳቸውን ሰዎች ያጠኑት።

"ሲጠጡ ፊታቸው የሚቀላው አለርጂ ነው።" በመጀመሪያው ቢራ በርበሬ የሚመስሉትን አይታችኋል አይደል? አለርጂ አይደለም፤ በጂናቸው ምክንያት ኤኤልዲኤች2 የሚባለው ኢንዛይም ስለሚደክም አልኮሉ የሚለወጥበት መርዝ፣ አሲታልዴሃይድ፣ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ዋናው አደጋው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። አንጀት ላይ ግን ይሄ የደከመው ጂን አንዳንድ ጥናት ውስጥ ጠባቂ መስሎ ይታያል፣ ያው ባለቤቶቹ ብርጭቆውን ቶሎ ስለሚያስቀምጡ ሊሆን ይችላል።

"ቤተሰቤ ውስጥ የለም፣ አያገባኝም።" አብዛኛው ታማሚ እንደዛ ነበር የሚለው። አባት፣ እናት፣ ወንድም ወይ እህት ከታመመ ሪስኩ እጥፍ ገደማ ይሆናል እንጂ፣ ከሌለ ዜሮ አይሆንም። ለዛ ነው ጃፓን ከ40፣ ኮሪያ ከ50 አመት ጀምሮ ሁሉንም በየአመቱ የሰገራ ምርመራ አድርጉ የሚሉት፤ በትንሽ እንጨት ሰገራውን ጫር ጫር አድርገህ ብልቃጥ ውስጥ ትከተዋለህ፣ አይን የማያየው ደም ከተገኘበት ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ አንጀትን ማየት፣ ይከተላል፣ ፖሊፕ ካለም ካንሰር ከመሆኑ በፊት እዛው በቀጭን የሽቦ ቀለበት ተቆርጦ ይወጣል።