የፈረስ አስም ምንድን ነው? ጋጣውን ከመዝጋታችሁ በፊት

«ፈረሴ ቆሞ ሳለ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ ዕድሜው 15 ነው። ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ያጋጥመኛል። ሰዎች የሚሰጡት መልስም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ እንዲህ ሲል አየሁ፦ «አስም ነው። አስም የእርጅና በሽታ ነው። ብርድ እንዳይመታው ጋጣ አስገባው፤ በሩን ዝጋ፤ ድርቆሽ እስኪጠግብ ስጠው፤ ኦክሲ አስወጋው።» ከቅን ልብ የመጣ ምክር እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ከአራቱ ምክሮች ሦስቱ በሽታውን ያባብሳሉ። አራተኛው፣ ኦክሲ የሚባለው የፀረ ባክቴሪያ መርፌ፣ ገንዘብ ይጨርሳል።

የፈረስ አስም በሳንባ ውስጥ ያሉ ትናንሽ የአየር ቧንቧዎች ለአቧራና ለሻጋታ ከልክ በላይ የሚቆጡበት በሽታ ነው። ፈረሱ የሻገተ ድርቆሽ ወይም ጭድ ሲበላ ብናኙ በአፍንጫው ይገባል። የቧንቧዎቹ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ግድግዳቸው ያብጣል፣ ውስጣቸው በወፍራም አክታ ይሞላል። ከፈረስ ወደ ፈረስ አይተላለፍም። ከባዱ ዓይነት አንድ ጊዜ ከጀመረ ደግሞ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል፤ በአያያዝ ግን ይረጋጋል።

የቀጥቃጭን ወናፍ አስቡ። ወናፉ ሲከፈት አየር በቀላሉ ይገባል። ሲጫኑት ግን አየሩ በጠባቧ ቧንቧ መውጣት አለበት። ያቺ ቧንቧ ብትደፈን ቀጥቃጩ በክንዱ ብቻ አይችለውም፤ በሙሉ ክብደቱ ይጫናል። አስም ያለበት ፈረስም እንዲሁ ነው። ወደ ውስጥ ሲስብ ደረቱ እየሰፋ ቧንቧዎቹንም አብሮ ይከፍታቸዋል። ሲያስወጣ ግን ደረቱ ይጠባል፤ የጠበቡት ቧንቧዎች የባሰ ይጨመቃሉ። ስለዚህ በሆዱ ይገፋል። ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ሆዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጨመቅ በዓይን ይታያል። ይህ ለወራት ከቀጠለ፣ የቀጥቃጭ ክንድ በሥራ ብዛት እንደሚፈረጥመው፣ የሆዱ ጡንቻ ይፈረጥማል። ከጎድን አጥንቶቹ ጫፍ ሥር ወደ ሽንጡ የሚሄድ መስመር ይወጣል። ባለጋሪዎች ይህን መስመር አይተው «ከሳ» ይላሉ። መክሳቱም እውነት ነው፤ ለመተንፈስ ብቻ ብዙ ጉልበት ያወጣል።

እንግዲህ ወናፉ አላረጀም። ቆዳው ደህና ነው። የተደፈነው ቧንቧው ነው፤ የደፈነው ደግሞ እኛ ያቀረብንለት መኖ ነው። ምሳሌው የማይሠራበት ቦታም አለ። የቀጥቃጩ ቧንቧ አንዴ ከተጠረገ ጉዳዩ ያልቃል። የፈረሱ ቧንቧ ሕያው ነው። ወራት ሙሉ ደህና ከርሞ አንድ ቀን የሻገተ ድርቆሽ ቢቀርብለት በሰዓታት ውስጥ ይነሳበታል።

ከእርጅና ጋር ለምን እንደተያያዘ ይገባኛል። ከባዱ የአስም ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ7 ዓመት በላይ በሆኑ ፈረሶች ላይ ነው። ግን 7 ዓመት እርጅና አይደለም። በደንብ የተያዘ ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ዕድሜ የሚጨምረው አቧራውን የተነፈሰበትን ጊዜ ነው። በዘር የሚወረስ ዝንባሌም ስላለ ከአስመኛ ወላጆች የተወለደ ፈረስ ይበልጥ ይጋለጣል። ጤናማ ሳንባ ያለው የ20 ዓመት ፈረስ አርፎ ሲቆም በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል። «አርጅቶ ነው» ብሎ መተው መርዳት የሚቻለውን እንስሳ ለሥቃይ መተው ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ብርዱ። ፈረስ ብርድን ከሰው በተሻለ ይችላል። የእንጅባራም ሆነ የአርሲ ደጋ ፈረስ ያደገው በብርድ ውስጥ ነው። በር የተዘጋበት ጋጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ፋንድያው፣ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ፣ የጭዱ ብናኝ፣ ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ ደግሞ የምድጃው ጭስ፣ ሁሉም እዚያው ይታፈናል። ፈረስ በአፉ መተንፈስ ስለማይችል ያ ሁሉ የሚገባው በአፍንጫው ነው። ሌላ ሰው የባህር ዛፍ ቅጠል አጭሱለት ብሏል። እባካችሁ አታጭሱ።

በእርግጥ ጅብ ባለበት አገር «ውጭ ይደር» ማለት ቀላል አይደለም። ሌባም አለ። ጣሪያ ኖሮት፣ ጎኑ በአጣና ብቻ የታጠረ፣ አየር የሚያሳልፍ ጋጣ ግን ከጭቃ ቤት ብዙም አይወደድም። ቤቱ ካለ ደግሞ ከግድግዳው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ክፍተት አውጡለት። የጭድ ክምሩ ከጋጣው ይራቅ። መጥረግ የሚገባው ፈረሱ ውጭ ሳለ ነው።

ዋናው መድኃኒት መኖው ነው። ሳይደርቅ የታሰረ ድርቆሽ ውስጥ ውስጡን ይግላል፤ ሻጋታው የሚራባው ያኔ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያለወቅቱ ዝናብ የመታው የጤፍ ጭድም እንዲሁ። በቃ፣ የሸተተውን አትስጡት። ደህና የሚመስለውንም ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉት፤ ላዩ ላይ ውኃ መርጨት አይበቃም። የዘፈዘፋችሁት በዚያው ቀን ይበላ፤ ካደረ ይበላሻል። መሬት ላይ አቅርቡለት፤ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ አክታው ይወርድለታል። ፉርሽካውንም አርጥቡት። ለምለም ሣር ከተገኘ ከሁሉም ይበልጣል። ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀን ተስፋ አትቁረጡ።

ኦክሲቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን ነው የሚዋጋው። አስም ባክቴሪያ አይደለም። «ግን ተወግቶ ተሻለው» ትሉኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ከኦክሲው ጋር ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን፣ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ይወጋል። ያስታገሰው ዴክሳው ነው። ዴክሳ ለአስም ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ ሐኪም አይቶ፣ መጠኑን ወስኖ ሲሰጠው። ያለ ልክ ከተሰጠ ኮቴ ውስጥ ከባድ ብግነት ሊያመጣ ይችላል፤ በጋሪ ፈረስ ላይ ይህ ማለት መቆም አለመቻል ነው። ኢንፌክሽን ያለበትን ፈረስ ደግሞ የባሰ ያዳክመዋል። አቧራው እያለ የተሰጠ ዴክሳ ውጤቱ ሳይቆይ ያልፋል።

የሚያለከልክ ፈረስ ሁሉ አስም አለበት ማለትም አይደለም። ሙቀቱን ለኩ። በአስም ብቻ ትኩሳት አይመጣም፤ የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከፍ ካለ ሌላ ነገር አለ። ክረምቱ ወጥቶ ትንኝ ሲበዛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከዓይኑ በላይ እብጠት ወይም ከአፍንጫው አረፋ ካያችሁ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ (በትንኝ የሚተላለፍ ገዳይ የቫይረስ በሽታ) ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። ድምፅ የሚያሰማው ወደ ውስጥ ሲስብ ከሆነ ችግሩ ጉሮሮው አካባቢ ነው። ከአህያ ጋር የሚግጥ ፈረስ ሲያስል ደግሞ የሳንባ ትልን አስቡ። አህያዋ ትሉን ተሸክማ ምንም ላይታይባት ይችላል። በእኛ አገር ፈረስና አህያ አንድ ሜዳ ስለሚውሉ ይህ ቶሎ ይረሳል፤ የትል መድኃኒቱ ኢቨርሜክቲን ግን ያድነዋል።

ትንፋሹን የምትቆጥሩት ከጋሪ እንደወረደ አይሁን። ጥላ ሥር ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አርፎ፣ ሽንጡን እያያችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። አርፎም ከ20 በላይ ከሆነ ጋሪ አይጎትት። ከተረጋጋ በኋላ በቀላል ጭነት፣ አቧራ ሳይነሳ በማለዳ፣ ቀስ እያለ ይጀምር። አንገቱን ዘርግቶ ቆሞ፣ አፍንጫው ተበርግዶ፣ ድዱ ከሰማያዊነት ጋር ከጠቆረ ግን ድርቆሽ እስኪዘፈዘፍ አትጠብቁ፤ ወደ ነፋሻ ቦታ አውጥታችሁ ሐኪም ጥሩለት።