እርቅ በሰፈር፦ ፀብን ቀድሞ ማብረድ በመሃል አዲስ አበባ

ድሮ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ "በሕግ አምላክ!" ካለ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። አላፊ አግዳሚው ይጠራና ይዳኛቸዋል። ዛሬ ፒያሳ ላይ እንዲህ ብሎ መንገደኛ ማስቆም ከባድ ነው፤ ሁሉም ታክሲ ይዞ ለመሄድ ይቸኩላል። ልማዱ ግን አልጠፋም፣ ወደ ሰፈር ውስጥ ገባ እንጂ። በአራዳ፣ በልደታና በቂርቆስ በግጭት መከላከል ላይ የሚሠሩ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችም መነሻቸው ይኸው ነው፦ ሽማግሌው፣ ዕድሩና ቡናው።

የሰፈር ፀብ ሲጀምር ትንሽ ነው። በአንድ ግቢ አምስት ስድስት አባወራ አንድ ቆጣሪ ይጋራል። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ "የናንተ ምጣድ ነው የበላው" ይባላል። ሽንት ቤቱን የማጠብ ተራ የማን ነው? የእጣቢ ውሃስ ማን በር ላይ ፈሰሰ? ልጆች ይነካካሉ፣ እናቶች ይገባሉ፣ ማታ ወንድሞች ይመጣሉ። የሚያስፈራው ነገሩ ከቆጣሪው አልፎ ብሔርና ሃይማኖት የነካ ለታ ነው። ክፉ ቃል አንዴ ከወጣ አይመለስም። ሥራው ከዚያች ቃል ቀድሞ መድረስ ነው።

ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሁለቱንም ለየብቻ ያናግራሉ። ንዴቱ እዚያ ይውጣ ነው ነገሩ። ከዚያ ፊት ለፊት ያስቀምጧቸዋል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ጥፋቱ በአንዱ ላይ ብቻ አይጫንም፤ "አንተም ተው፣ አንተም ተው" ይባላል። ያጠፋው ተነስቶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የተበደለው "ይቅር ለእግዚአብሔር" ይላል፣ ይሳሳማሉ። ካሳ ካለ ይቆረጣል። ምርቃት ይከተላል። ጥሩ ነው፣ ግን ጉድለትም አለው። ሚስቱን የደበደበን ሰው "ለልጆችሽ ስትይ ቻዪው" ብሎ ማስታረቅ በደልን መሸፈን ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቁ ድርጅቶች ሴቶችን ከሽማግሌዎቹ ጎን ያስቀምጣሉ፤ የፖሊስና የፍርድ ቤት ጉዳይም ወደዚያው እንዲሄድ ይመክራሉ።

ዕድር ዋናው ሥራው ቀብር ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈም ቀድሞ ያውቃል። የተኳረፉ ጎረቤቶች ለቅሶ ሲደርስ አንድ ድንኳን ውስጥ መቀመጣቸው አይቀርም። እኔ በበኩሌ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና የዕድር ወርሃዊ ስብሰባ የበለጠ ይሠራል እላለሁ። አበል የለውም እንጂ!

ለድርጅቶቹ ነገሩ ሁሌ ቀላል አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙት በግጭት አፈታትና በእርቅ ሥራ እንዳይገቡ አገደ። የአገር ውስጥ ገንዘብ ደግሞ እንደልብ አይገኝም፤ ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ልማት አዞሩ። ክልከላው የተነሳው በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ የፌደራል ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮችን ወደ አስማሚ እንዲመሩ መንገድ ከፈተ፤ ሽምግልናው በሌላ በር ፍርድ ቤት ገባ ማለት ነው።

የሃይማኖቶች ውይይትም የሥራው አካል ነው። ለዚህ መርካቶን የመሰለ ቦታ የለም። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው፤ አዛኑና ቅዳሴው አየር ላይ ይገናኛሉ፣ ከሥር ነጋዴው በአንድ ሚዛን ይገበያያል።

አሁን ያለው ፈተና ሌላ ነው። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ሰው ተነስቷል፤ ከካዛንቺስ ገላን ጉራ የገቡ አሉ። ቤት ተገኘ፣ ዕድሩ ግን ተበተነ። ሽማግሌ ደግሞ ሽማግሌ የሚሆነው በሚያውቁት ሰዎች መሃል ነው። በአዲሱ ሰፈር የቆጣሪ ፀብ ቀርቷል፤ አሁን የሚያጣላው ደረጃ ላይ የተቀመጠ የቆሻሻ ፌስታልና ሌሊት ከላይ ፎቅ የሚወቀጥ ሙቀጫ ነው። ሽማግሌ እንላክ ሲባልም የላይኛዋን ሴትዮ የሚያውቃት ይጠፋል።