«ቅጽ 2 ቁጥር 9» ምንድን ነው?

ቅጽ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ቀበሌ ሄደን የምንሞላው ወረቀት ነው። የመጽሔቱ ቅጽ ግን ሌላ ነው። አንድ አሮጌ መጽሔት አንሡና ከስሙ ሥር ተመልከቱ። በደቃቅ ፊደል «ቅጽ 2 ቁጥር 9» ወይም «2ኛ ዓመት ቁጥር 9» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። አንባቢው ሳያየው ያልፈዋል። የቆዩ እትሞችን ለሚሰበስብ ሰው ግን የመጽሔቱ መታወቂያ ይኸው መስመር ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ቁጥር የእትሙ ተራ ነው፤ ቅጽ ደግሞ የእትሞቹ ጥቅል። ብዙ ጊዜ አንድ ቅጽ አንድ ዓመት ይይዛል። ግን የማን ዓመት? የብዙ መጽሔት ዓመት መስከረም ላይ አይጠባም፤ መጽሔቱ በተወለደበት ወር ነው የሚጠባው። በጥር 1985 ዓ.ም. የጀመረ ወርሃዊ መጽሔት አለ እንበል። ቁጥር 12 የሚወጣው ታኅሣሥ 1986 ነው። ቅጽ 2 ቁጥር 1 ደግሞ ጥር 1986። «ቅጽ 1 ማለት የ1985 ነው» ብላችሁ ከደረደራችሁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት አራት እትሞች ቤታቸውን ሳቱ ማለት ነው። ጳጉሜን እንደሁ የራሷ እትም የላትም፤ ነሐሴ ላይ ተዳብላ ታልፋለች።

ዓመቱን 1985 ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዓመት የወጣው የፕሬስ አዋጅ፣ ቁጥር 34/1985፣ ሳንሱርን አስቀርቶ የግል መጽሔቶችን በር ከፈተ። ከዚያ በፊት የንጉሡ ዘመን «መነን» እና የደርጉ «የካቲት» ነበሩ። ከአዋጁ በኋላ የመጣው ግን ጎርፍ ነው። ቁጥር 1 ወጥቶ ቁጥር 2ን ሳያይ የቀረም አለ።

አንዳንዱ መጽሔት ቅጽ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እስኪዘጋ ድረስ ዝም ብሎ ይቆጥራል። እንዲህ ያለ፣ እሱም በጥር 1985 የጀመረ መጽሔት ላይ ቁጥር 30 ብታዩ ለ12 አካፍሉት። ሁለት ሙሉ ዓመት ሆኖ 6 ይተርፋል፤ ሰኔ 1987 ነው። መሃል ላይ ወር ካልዘለለ ነው ታዲያ! «ቁጥር 7-8» ብለው ሁለቱን በአንድ የሚያወጡበት ጊዜ አለ። ይህን ያላወቀ ሰው ቁጥር 8ን ሲፈልግ ይኖራል።

የፈረንጆቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። እዚህ ጎንደር ፒያሳ መጽሐፍ አዟሪዎች ጋ አልፎ አልፎ ቢጫ ጠርዝ ያለው ናሽናል ጂኦግራፊክ ይገኛል። የእሱ ቅጽ ግማሽ ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ እስከ ጁን አንድ፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር አንድ። ስለዚህ «ቅጽ ማለት ዓመት ነው» ብሎ መሐላ አያዋጣም።

እኔ መዝገቤን የያዝኩት በተራ ደብተር ነው። ስም፣ ቅጽ፣ ቁጥር፣ ወርና ዓመት፣ የገጽ ብዛት፣ ጉዳት። ከሁሉም ጉዳት የሚለው ዓምድ ቶሎ ይሞላል። የጎንደር ክረምት እርጥበቱ አይጣል ነው፤ ስፒሉ ይዝግና መሃለኛውን ገጽ ይበላዋል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ሙጫው ከርሞ ቡናማ ይሆንና ፊደሉን ይዞ ይላቀቃል። እኔ ሦስት መጽሔት እንዲህ አበላሽቻለሁ።

ሽፋኑ የጠፋበትስ? ቁራሌው የሚያመጣው ብዙው እንዲያ ነው። መጀመሪያ የአዘጋጆቹ ስም ያለበትን ገጽ ፈልጉ፤ ቅጽና ቁጥር አንዳንዴ እዚያም ይጻፋል። እሱም ከሌለ የአንባቢያን ደብዳቤ ይረዳል። «በቁጥር 8 እትማችሁ ያወጣችሁትን አንብቤ…» የሚል ካለ፣ የያዛችሁት ከ8 በኋላ ነው። እኔ በጣም የምወደው ግን መስቀለኛ ቃላቱን ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚወጣው በሚቀጥለው እትም ነው። የአንዱ ጥያቄ ከሌላው መልስ ጋር ከገጠመ ሁለቱ ተከታታይ ናቸው። አንድ ምሽት ሙሉ በዚህ አራት መጽሔት አሰልፌያለሁ፤ ቡናው ቀዝቅዞ፣ ሚስቴም ተኮሳትራ።

ፋሲል ግቢ ውስጥ የቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ቆሞ ባለበት ከተማ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ በርበሬ በመጽሔት ተጠቅልሎ ሲሸጥ ማየት ያንገበግባል። ግን ማንንም አልወቅስም። እኛም ቤት መጽሔት የግድግዳ ልባስ ነበር። ማንበብ የተማርኩት ከግድግዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ባለፈው ዓመት ከቁራሌው የገዛሁት አንድ መጽሔት ሽፋን አልነበረውም። የደብዳቤው ዘዴም፣ የመስቀለኛ ቃላቱም አልሠራ አለኝ። ደብተሩ ላይ «ቁጥር ?» ብዬ ተውኩት። ከዚያ ለጥምቀት አዘዞ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ጓዳ ገብቼ ድስት ሳወርድላት፣ ከምድጃው በላይ ካለው ግድግዳ ላይ የማውቀው የመጽሔት ስም ታየኝ። ጥላሸት ለብሷል። በአውራ ጣቴ ጠረግ ጠረግ ሳደርገው «ቅጽ 2 ቁጥር 9» ይላል፤ ከሥሩም ውስጥ ያለው ዋና ጽሑፍ ርዕስ። የእኔው መጽሔት ዋና ጽሑፍ!

«ምነው ልጄ፣ ግድግዳዬን ልትልጠው ነው?» አለች አክስቴ።

አልላጥኩትም። ማታ ቤት ስገባ የጥያቄ ምልክቱን ሰርዤ 9 ብዬ ጻፍኩ። ጉዳት በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ፦ «ሽፋኑ አዘዞ፣ አክስቴ ጓዳ፣ ከምድጃው በላይ።»